ኢብን ኸልዱን፦ ወሬን በዘመኑና በቦታው የመዘኑት ቃዲ

ስለ አንድ ታላቅ ዓሊም ሕይወት ልናወጋችሁ ወደናል። እኚህ ሰው ከረመዷን ጋር የተለየ ቁርኝት አላቸው። በ732 ሒጅራ ረመዷን በገባ በመጀመሪያው ቀን ተወለዱ፤ በ808 ሒጅራ ረመዷን 26 ቀን ዐረፉ። በጨረቃ ቆጠራ ዕድሜያቸው 76 ዓመት ከ25 ቀን መሆኑ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ከሜይ 27 ቀን 1332 እስከ ማርች 17 ቀን 1406 ይሆናል። ስማቸው ወሊዩዲን ዐብዱረሕማን ነው፤ ዓለም ግን ኢብን ኸልዱን እያለ ነው የሚጠራቸው።

ስለ እሳቸው ብዙ ተጽፏል። የታሪክ ፍልስፍና ጀማሪ ናቸው የሚሉ አሉ፤ የማኅበራዊ ጥናት ፈር ቀዳጅ ናቸው የሚሉም አሉ። እኛ ዛሬ የምናተኩረው በአንድ ነገር ላይ ነው። ኢብን ኸልዱን አንድ ወሬ፣ አንድ ሥርዓት ወይም አንድ ቃል ከተወለደበት ዘመንና ቦታ ተነጥሎ ሲነበብ ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት በሚገባ ያሳዩ ሰው ናቸው። በዛሬ አነጋገር አውድ የምንለው ነው።

ቤተሰባቸው የዘር ሐረጉን ከየመን ሐድረመውት ይቆጥራል። በአንዳሉስ ሴቪያ ከተማ ለረጅም ዘመን በክብር ኖሮ፣ ከተማዋ በ1248 በካስቲያ ንጉሥ እጅ ከመውደቋ በፊት ባሕሩን ተሻግሮ ኋላ ቱኒስ ላይ ተቀመጠ። ኢብን ኸልዱን የተወለዱት እዚያው ቱኒስ ነው። ቁርኣንን በቃል አጠኑ፤ ነሕውን፣ ሐዲስንና የማሊኪን ፊቅህ ቀሩ። ከቲሌምሳን የመጡት ሸይኽ አል-አቢሊ ደግሞ ሎጂክን፣ ሒሳብንና ፍልስፍናን አስተማሯቸው። ከዚያ በ1348 ጥቁሩ ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ቱኒስ ገባ። አባትና እናታቸውን፣ ከመምህሮቻቸውም ብዙዎቹን ወሰደ። ያኔ ዕድሜያቸው ገና አሥራ ሰባት እንኳ በቅጡ አልሞላም ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ መቅሠፍት ሲጽፉ፣ የሰው ልጅ አኗኗር ከሥሩ ተለውጧልና ሁኔታውን አዲስ አድርጎ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። ለመጽሐፋቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ያለውን የቤተ መንግሥት ዘመናቸውን ባጭሩ እንለፈው፤ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ነውና። በቱኒስ በሡልጣኑ ደብዳቤዎች ራስ ላይ የምስጋናውን ቃል በጉልህ ጽሕፈት የሚጽፉ ጸሐፊ ሆኑ። ወደ ፌዝ ሄደው ሡልጣን አቡ ዒናንን አገለገሉ፤ በ1357 በሤራ ተጠርጥረው ታሰሩና ሡልጣኑ እስኪሞት ሃያ አንድ ወር ያህል በእስር ቆዩ። በ1362 ወደ ግራናዳ ተሻገሩ። ከዚያም በ1364 የካስቲያውን ንጉሥ ፔድሮን ለማነጋገር በመልክተኝነት ወደ ሴቪያ፣ ወደ አያቶቻቸው ከተማ ሄዱ። ንጉሡ አጠገቡ እንዲቀሩ፣ ከቀሩም የቤተሰቡን ርስት እንደሚመልስላቸው ነገራቸው። አልተቀበሉም። በቢጃያ ከፍተኛ ሹም ሆኑ፤ ጌታቸው ተገደለ። ከዚያ ወዲያ በበረሓ ጎሣዎች መካከል እየተመላለሱ ለዚህኛውም ለዚያኛውም ሡልጣን ጦረኛ ሲያሰባስቡ ዓመታት አለፉ። ታማኝነታቸውን ቶሎ ቶሎ ይለዋውጡ ነበር የሚል ወቀሳ ይቀርብባቸዋል። ወቀሳው መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን ከወንበር ሆነው ያላዩትን ከበረሓው ድንኳን ሆነው ማየታቸው ለኋላው ሥራ ስንቅ ሆኗቸዋል።

በ1375 ዛሬ በአልጄሪያ ፍሬንዳ ከተማ አጠገብ ወዳለው ቀልዐት ኢብን ሰላማ ወደሚባል አምባ ከቤተሰባቸው ጋር ገቡ። አራት ዓመት ያህል ከፖለቲካ ርቀው ተቀመጡ። ሙቀዲማ፣ ማለትም መቅድም፣ የሚባለውን ታላቅ ሥራ የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፉት በዚሁ አምባ፣ በ1377፣ በአምስት ወር ውስጥ ነው። ስሙ እንደሚነግረን መቅድም ነው፤ ኪታቡል ዒበር ለተባለው ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ መግቢያ እንዲሆን ነበር የታሰበው። መግቢያው ግን ከቤቱ በልጦ ቀረ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚያነሱት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ የታሪክ ጸሐፊዎች ለምን ይሳሳታሉ? ወገንተኝነትን፣ ለሹም ማሸርገድን፣ ተራኪውን ያለ ምርመራ ማመንን ይዘረዝራሉ። ከሁሉ በላይ የሚያከብዱት ግን የሰው ልጅ የአብሮ መኖር ጠባይን፣ እሳቸው ዑምራን የሚሉትን፣ አለማወቅን ነው። እስክንድር እስክንድሪያን ሲቆረቁር የባሕር አውሬዎች አስቸግረውት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ወደ ባሕር ወለል ወርዶ ሥዕላቸውን ነድፎ ወጣ የሚል ወሬ አል-መስዑዲ አስፍሮ ነበር። ኢብን ኸልዱን ይህን ሲመረምሩ መጀመሪያ ወደ ተራኪው ማንነት አይሄዱም። ንጉሥ እንዲህ ራሱን ለአደጋ ቢጥል ሠራዊቱ በቦታው ሌላ ያነግሥ ነበር ይላሉ፤ ከዚያም በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለ ሰው አየሩ ይግልበትና ትንፋሽ አጥሮት እንደሚሞት ያስረዳሉ። የተራኪዎችን ሰንሰለት መመርመር ለሸሪዓ ትእዛዛት ዋናው መንገድ መሆኑን አይክዱም። ስለ ሁነት የሚነገር ወሬ ግን አስቀድሞ ሊሆን ይችላል ወይ ተብሎ ይጠየቅ ነው የሚሉት።

እኛን ይበልጥ የሚመስጠን ሌላው ምሳሌያቸው ነው። የዒራቁ ገዢ አል-ሐጃጅ አባቱ ልጆችን ቁርኣን ያስተምር ነበር ተብሎ ይነገራል። በኢብን ኸልዱን ዘመን የልጆች መምህርነት አቅም የሌለው ሰው ለዕለት ጉርሱ የሚይዘው ሙያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ አንባቢው፣ ያ ኃያል ገዢ ከምስኪን ቤት የወጣ ነው ብሎ ይደመድማል፤ አንዳንዱም እኔስ ምን ያንሰኛል ብሎ የማይደርስበትን ሹመት ይመኛል። ኢብን ኸልዱን እንዲህ ያርማሉ፦ በእስልምና መጀመሪያ ዘመን ማስተማር ሙያ አልነበረም። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተሰማውን ለሰዎች ማድረስ ነበር፤ የሚያደርሱትም የየጎሣው ታላላቆች ነበሩ። የአል-ሐጃጅ አባትም ከሰቂፍ ጎሣ መኳንንት አንዱ ነበር። ቃሉ አልተለወጠም፤ መምህር ያኔም መምህር፣ ዛሬም መምህር ነው። ከቃሉ ጀርባ ያለው ኑሮ ግን ተለውጧል። ጥንት ጦር ይመሩ ስለነበሩ ቃዲዎች ሲነበብም ተመሳሳይ ስሕተት እንደሚፈጠር ያሳያሉ። የሕዝቦች ሁኔታ ከዘመን ጋር ቀስ እያለ መለወጡ የተደበቀ በሽታ ነው፤ ጥቂቶች ብቻ ያስተውሉታል ማለታቸው ነው።

ይህንኑ መንገድ ወደ ፊቅህም ይወስዱታል። ኸሊፋው ከቁረይሽ ይሁን የሚለውን ሁኔታ ሲተነትኑ፣ ሕግ አውጪው ያለ ጥበብ ሁኔታ አያስቀምጥምና ጥበቡን እንፈልግ ይላሉ። ያገኙትም ዐሰቢያ የሚሉትን ነው፤ ወገን ከወገን የሚተሳሰርበት፣ አንዱ ለአንዱ የሚቆምበት ኃይል። በዚያ ዘመን ዐረቦችን ሁሉ ሳይበታተኑ ሊይዝ የሚችል ዐሰቢያ የነበረው በቁረይሽ እጅ ነበር። እንግዲህ የሁኔታው ዓላማ አንድነትን መጠበቅ ከሆነ፣ መታየት ያለበት ያ ኃይል በየዘመኑ የት እንዳለ ነው ወደሚል ይደርሳሉ። ብዙ ዑለማእ በዚህ አልተስማሙም። እኛም ክርክሩን በዚህ ገጽ ልንፈርድ አንነሳም።

የቁርኣንን ትምህርት የቀራ ሰው ግን ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም። አስባቡን ኑዙል የሚባለው ዕውቀት አንቀጹ በምን ምክንያት እንደ ወረደ የሚመረምር አይደለምን? መካ የወረደውንና መዲና የወረደውን ሳይለይ ተፍሲር የሚያስተምር ሸይኽ አለን? ስለ ጦርነት የወረደን አንቀጽ ከወረደበት ሁኔታ ቆርጦ በሰላም ጎረቤቱ ላይ የሚያውል ሰው ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ በዘመናችን በዓይናችን አይተናል። በአንጻሩ ደግሞ አውድ የሚለውን ቃል እንደ መጥረጊያ ይዞ፣ ያልተመቸውን ትእዛዝ ሁሉ ያ ለዚያ ዘመን ነው እያለ የሚጠርግ አለ። ኢብን ኸልዱን ከሁለቱም አይደሉም። የማሊኪ ቃዲ ነበሩ፤ ጥበቡን የሚፈልጉት ትእዛዙን ለመጣል ሳይሆን የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ነበር።

ስለ ልጆች ትምህርት የጻፉትንም ሳናነሳ ማለፍ አይሆንልንም። የመግሪብ ሰዎች ልጁን ቁርኣን ብቻ ያስይዙታል፤ አንዳሉሶች ከቁርኣኑ ጋር ግጥም፣ ዐረብኛና ጽሕፈት ይጨምራሉ፤ የቱኒስ አካባቢ ሰዎች ሐዲስ ያክሉበታል ይላሉ። አስቀድሞ ቋንቋ፣ ከዚያ ቁርኣን ይሁን የሚለውን የቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢን ሐሳብ መልካም ነው ይሉና፣ ልማዱ ግን አይፈቅድም ብለው ያልፋሉ። ሰዎች ቁርኣኑን የሚያስቀድሙት በረከቱን ፈልገው ነው፤ ልጁ ካደገ በኋላ ሊሸሽ ይችላልና በእጃቸው ሳለ እንዳያመልጠው ይሰጋሉ። በሀገራችን ቁርኣን ቤት ሉሕ ይዞ ላደገ ሰው ይህ ስጋት የታወቀ ነው። በአለንጋ የሚያስተምሩትንም አልማሯቸውም፦ ጭካኔ ልጁን ውሸትና ማስመሰል ያስለምደዋል፣ ስንፍናንም ያወርሰዋል ይላሉ።

ሚዛናቸው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሟል ወይ? አልቆመም። የቆዳ ቀለም ከአየሩ ሙቀት የመጣ ነው ብለው፣ ጥቁረት የነቢዩ ኑሕ ልጅ ሐም እርግማን ነው የሚለውን ተረት ውድቅ ማድረጋቸው በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን በሩቅ ደቡብና በሩቅ ሰሜን ስለሚኖሩ ሕዝቦች፣ ከሰውነት ደረጃ የሚያወርድ ቃል ጽፈዋል። የየመን ጎረቤት የሆኑትን፣ ከእስልምና በፊት ጀምሮ የክርስትና ሃይማኖት የያዙትን ሐበሾች ከዚህ ለይተው አውጥተዋል። እኛ የሐበሻ ልጆች ተርፈናልና ዝም እንበል አንልም። የነጋዴና የመንገደኛ ወሬ ይዞ፣ ሀገሩን ሳያዩ በሕዝብ ላይ መፍረድ እሳቸው ራሳቸው በአል-መስዑዲ ላይ የነቀፉት ስሕተት ነው። የገዛ ጽሑፋቸውም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም፤ ዐረብ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የሚያውሉት ለበረሓው ዘላን ቢሆንም፣ አውዱን ያላስተዋለ አንባቢ ለሕዝቡ ሁሉ የተነገረ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

በ1382 ሐጅ አደርጋለሁ ብለው ከቱኒስ ወጡ፤ ኋላም ካይሮ ገቡ፤ ሐጁን ያደረጉት ግን በ1387 ነው። በአል-አዝሀር አስተማሩ። በ1384 ሡልጣን በርቁቅ የማሊኪ ዋና ቃዲ አድርጎ ሾማቸው። በሐሰት ምስክሮችና ጉቦ በለመዱ ጸሐፊዎች ላይ ጨከኑ፤ ጠላትም አበዙ። በዚያው ወቅት ከቱኒስ በመርከብ ሲመጣ የነበረው ቤተሰባቸው እስክንድሪያ አጠገብ በባሕር ሰጠመ። ልጅነታቸውን በወረርሽኝ እንዳጡ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜያቸው ደግሞ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን በማዕበል አጡ። እስከ ሞታቸው ድረስ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ በቃዲነት ተሾሙ፣ በተደጋጋሚም ተሻሩ። የመግሪቡን ልብስ ግን እስከ መጨረሻው አላወለቁም። በካይሮ ከተማሯቸው አንዱ አል-መቅሪዚ ነው፤ በሐበሻ ምድር ስለነበሩ የሙስሊም ነገሥታት የሚተርክ ኪታብ የጻፈው እሱ ነው።

በ1401 መጀመሪያ፣ ተይሙር ደማስቆን ከብቦ ሳለ፣ ኢብን ኸልዱን በከተማዋ ውስጥ ነበሩ። የግብፁ ወጣት ሡልጣን ሤራ ሰምቶ ወደ ካይሮ ተመልሷል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ የነበሩት ቃዲ በገመድ ታስረው ከግንቡ ወረዱና ወደ ተይሙር ድንኳን ገቡ። ከአንድ ወር በላይ በሰፈሩ ተመላለሱ። ተይሙር ስለ መግሪብ ሀገሮች አጥብቆ ጠየቃቸው፤ ጽፈውም ሰጡት። እሳቸውም ቁርኣን፣ መስገጃ፣ የቡርዳን ኪታብና አራት ሣጥን የግብፅ ጣፋጭ ገጸ በረከት አቀረቡለት። ለቁርኣን ቀሪዎችና ለጸሐፊዎች የደኅንነት ወረቀት ጠይቀው አገኙ። ከተማዋን ግን ማዳን አልቻሉም፤ ተዘረፈች፣ የኡመያው መስጊድም ተቃጠለ። ተይሙር በቅሏቸውን ፈልጎ ወስዶ ነበር፤ ዋጋዋን ቆይቶ ወደ ካይሮ ላከላቸው። ወደ ግብፅ ሲመለሱም መንገድ ላይ ሽፍቶች ዘረፏቸው።

የገዛ ሕይወታቸውን ታሪክ እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ድረስ መጻፍ አላቋረጡም። ለስድስተኛ ጊዜ በተሾሙበት ቃዲነት ላይ እያሉ በ808 ሒጅራ፣ ረመዷን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ዐረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። የተቀበሩት ከካይሮው ባብ አን-ነስር ውጭ በነበረው የሱፊዮች መቃብር ነው። ዛሬ የእሳቸው መቃብር ይህ ነው ብሎ የሚያሳይ የለም።