ጃንሆይ ገዝተው የሰጡት ቤት

ዛሬ ከጫኖ ተነስተን ራቅ ያለ ቦታ ልንወስዳችሁ ነው። አትስጉ፣ መጨረሻ ላይ እዚሁ እንመልሳችኋለን።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሄደ ሰው ጫኖን ያውቃታል። ከመንገዱ ዳር ሙዝ ነው፤ ከሙዙ ማሳ ወዲያ ደግሞ ቀላ ያለው የአባያ ውሃ አለ። በየስልካችን የዛንዚባርና የሲሼልስ ደሴት ቪላዎች ሲታዩ፣ በረንዳው ከውሃው ጋር የገጠመ ቤት ሲታይ፣ አንዱ ተነስቶ እኛስ ምን አነሰን ማለቱ አይቀርም። ሙቀቱ አለ፣ ሐይቁ አለ፣ ደሴትም ከተባለ አባያ ደሴት አላት። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ ውሃ ዳር ቤት መግዛት ይቻላል ወይ?

መልሱን ከመናገራችን በፊት የአንድ ሰው ሕይወት እንንገራችሁ። በደሴት ላይ፣ በባሕር ዳርና በሐይቅ ዳር ቤት የነበራቸው፣ በመጨረሻ ግን በራሳቸው አልጋ ላይ መሞት እንኳ ያልቻሉ ሰው ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ስለ አገዛዛቸው ክርክሩ ብዙ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየውና ዛሬ በቤቶቻቸው በኩል ብቻ እንያቸው።

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም በሐረር አቅራቢያ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። ስማቸው ተፈሪ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ገና ሕፃን ሳሉ ሞቱባቸው። አባታቸው ራስ መኮንንም በ1898 ዓ.ም አረፉ፤ ልጁ ያኔ 14 ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1909 አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ፣ በ1921 ንጉሥ ተባሉ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ በኋላ ቤት መግዛት የሚባል ነገር የሚያሳስባቸው ሰው አልነበሩም። የንጉሥ ቤት አይገዛም፣ ይሠራል እንጂ።

ዘውዱ 6 ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን መጣ። ማይጨው ላይ ጦራቸው ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ፣ ከሃይፋ ኢየሩሳሌም፣ ከኢየሩሳሌም ለንደን። ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። ማኅበሩ ሰማ፣ ግን ምንም አላደረገም።

አገር አልባ የሆነ ንጉሥ የት ይኑር? በዚያው ዓመት ለዕረፍትና ለጤናቸው ባዝ ወደምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ሄዱ። ባዝ ማለት መታጠቢያ ማለት ነው፤ ከተማዋ በፍል ውሃዋ የታወቀች ናት። የአርባ ምንጭ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ የእኛም ከተማ ስሟን ያገኘችው ከምንጭ ነው። ንጉሡ ቦታውን ወደዱትና በከተማዋ ዳር ፌርፊልድ የሚባል ቪላ በ3,500 ፓውንድ ገዙ።

ልብ በሉ፣ ገዙ ነው የምንለው። ተሰጣቸው አይደለም፣ ወረሱ አይደለም፣ አስገነቡም አይደለም። ማንም ሰው ቤት እንደሚገዛው ዋጋ ከፍለው፣ በአገሩ ሕግ ተዋውለው ገዙ።

ኑሮው ግን የቅንጦት አልነበረም። ቤተሰቡ ብዙ ነው፣ ተከትሎ የመጣውም ስደተኛ ብዙ ነው፣ የሚገባ ገንዘብ የለም። ከአገር ይዘውት የወጡት የብር ዕቃ ለሐራጅ ቀረበ። የእንግሊዝ ብርድ አልስማማቸው ያላቸው እቴጌ መነን በስደቱ ዘመን ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ። ጃንሆይ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉት በዚያ ቤት ተቀምጠው ነው።

ከዚያ ቤት ሆነው የሚሰሙት ወሬ ደግሞ አለ። ልጃቸው ልዕልት ሮማነ ወርቅ በጣሊያን እጅ ወደቀች። ባሏ ደጃዝማች በየነ መርዕድ በአርበኝነት ተዋግቶ ተገደለ። እሷን ከልጆቿ ጋር ወደ ጣሊያን ወሰዷት፤ ሰርዲኒያ አጠገብ ባለችው የአዚናራ ደሴት ከታሰሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ነበረች። በ1933 ዓ.ም መግቢያ ላይ ቱሪን ከተማ ሞተች፤ ነፃነትን ለማየት የቀራት ጥቂት ወር ነበር። ዛሬ ደሴት ሲባል ትዝ የሚለን አሸዋና ፀሐይ ነው። ለዚያ ትውልድ ግን ደሴት ማለት ዙሪያው ውሃ የሆነ እስር ቤት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጃንሆይ ባዝ ሳሉ ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን የእንግሊዝ ኩባንያ ከሰሱ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከወረራው በፊት ከኩባንያው ጋር የቴሌግራፍ ውል ነበረው፤ በውሉ መሠረት ኩባንያው ከ10,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ። ይግባኙ ገና ሳይቋጭ ግን የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዢ አድርጎ ተቀበለ። በቃ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ገንዘቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ስለሆነ፣ መንግሥት ተብሎ ለታወቀው ለጣሊያን ይገባል ተባለ።

አያችሁ? በሥልጣን የተያዘው ገንዘብ ሥልጣኑ ሲሄድ አብሮ ሄደ። በውል የተገዛው የባዝ ቤት ግን ማንም አልነካውም። ጣሊያን አዲስ አበባ ያለውን ቤተ መንግሥት ሲይዝ ፌርፊልድን ሊወስድ አልቻለም። ቤቱ የአንድ ሰው ንብረት እንጂ የዘውድ ንብረት አልነበረማ።

ከዚያማ ዘመኑ ተለወጠ። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገባች፣ ጃንሆይም ወደ ካርቱም ተወሰዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከድል በኋላ ነው የውሃ ዳር ቤቶቹ የመጡት። ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ከሐይቆቿ ዳር ቤተ መንግሥት ሠሩ። ስሙን ምን አሉት መሰላችሁ? ፌርፊልድ። የስደት ቤታቸውን አልረሱትም። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ዓባይን ቁልቁል በሚያየው በቤዛዊት ኮረብታ ሌላ ተሠራ።

ከሁሉ በላይ ግን ምጽዋ ነበረች። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል፣ ጠዋለት በተባለችው ደሴት ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በእጃቸው ገባ። ነጭ፣ ጉልላት ያለው፣ ፊቱን ወደ ቀይ ባሕር ያዞረ ቤት ነው። የቱርኮች ዘመን መሠረት ያለው ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ለግብፅ ያስተዳድር የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር እንደገና አሠርቶታል። ጃንሆይ የደጋው ብርድ ሲበረታ ይወርዱበት ነበር፤ የባሕር ኃይል በዓል ሲከበርም እዚያ ነበሩ። ዛሬ ሰው በሚሊዮን ዶላር የሚመኘው ሞቃት ደሴት፣ የባሕር ዳር ቪላ፣ ከሰገነቱ ሥር መርከብ፣ ሁሉም ነበራቸው።

የደሴት ነገር ከተነሳ ጃማይካን ሳንጠቅስ አናልፍም። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም ኪንግስተን ሲያርፉ የተቀበላቸው ሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቅልቆት ነበር። የዓለም ሀብታም ቤት ለመግዛት የሚጎርፍባት ደሴት ናት፤ ከልጆቿ ብዙዎቹ ግን የሚመኙት ኢትዮጵያን ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ለቆሙ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች ሻሸመኔ አጠገብ 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጥተው ነበር። ከአርባ ምንጭ በሻሸመኔ በኩል አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የዚያን ሰፈር ቀለም አይቷል። ካሪቢያንን ትተው የመጡ ሰዎች ናቸው።

በመስጠት በኩል ሁለት ቤቶች አሉ። ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ጃንሆይ በስድስት ኪሎ የሚኖሩበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ1950ዎቹ መግቢያ ላይ፣ የባዙን ፌርፊልድ ለከተማው አስተዳደር አስረከቡት፤ የአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን። በችግር ቀን ያስጠጋቸውን አገር ባለውለታቸው አድርገው ማየታቸው ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በአንዲት ቮልስዋገን ተወሰዱ። የካቲት ላይ የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ሐምሌ ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለሻሸመኔዎቹ ከተሰጠውም መሬት አብዛኛው በዚያው ጊዜ ሄደ። ትርፍ ቤት በተወረሰ በወሩ፣ ነሐሴ 1967፣ ጃንሆይ በታሰሩበት በምኒልክ ግቢ ሞቱ። አስከሬናቸው በዚያው ግቢ ወለል ሥር ተቀብሮ 16 ዓመት ቆየ። በ1984 ዓ.ም ተገኘ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው።

አሁን ቤቶቹን እንቁጠር። የምጽዋው የባሕር ዳር ቤት በየካቲት 1982ቱ ጦርነት ተመታ፤ ጉልላቱ የተቦደሰ ፍርስራሽ ሆኖ ቀረ። የሐይቅ ዳሩና የኮረብታው ቤት በመንግሥት እጅ ገቡ። ገነተ ልዑል ግን እስከ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የንጉሡ መኝታ ክፍል በሙዚየምነት ይጎበኛል፣ ተማሪም በግቢው ይመላለሳል። የባዙ ፌርፊልድም ቆሟል፤ አረጋውያን ይሰበሰቡበታል፣ የጃንሆይ ስም በአክብሮት ይነሳበታል። እኛ ስንቆጥረው፣ ከስማቸው ጋር በክብር የቀሩት የሰጧቸው ሁለቱ ቤቶች ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ለመስጠት መብት የነበራቸው ደግሞ አስቀድመው በሕግ ስለገዙት ነው።

ወደ ጫኖ እንመለስ፣ ቃል ገብተናልና።

ሐይቅ ዳር ቤት መመኘት ነውር የለውም። ግን ቤትን ቤት የሚያደርገው ውሃውም በረንዳውም አይደለም፣ መብቱ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የጫኖ ገበሬ የሙዝ ማሳው ላይ ያለው የይዞታ መብት ነው። ያርሳል፣ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ያከራያል፣ ለልጁ ያወርሳል። ሊሸጥላችሁ ግን አይችልም። ደላላው ሦስት ምስክር ጠርቶ በመንደር ውል ቢያስፈርማችሁም ወረቀቱ መሬቱን የእናንተ አያደርገውም። ገበሬውም ቢሆን ማሳውን በዚህ መንገድ አሳልፎ ሲሰጥ፣ ብሩ ያልቅና ሙዙም ሐይቁም በሌላ ሰው እጅ ይቀራሉ።

በከተማ ክልል ውስጥ ቤት ሲገዛ ነገሩ ሌላ ነው። ባለቤቱ የሚሸጠው ቤቱን ነው፤ ቦታው በሊዝ ከሆነ የቀረው የሊዝ ዘመን አብሮ ይተላለፋል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት፣ ስንት የሊዝ ዘመን እንደቀረው ከመሬት አስተዳደር ጠይቁ። ውሉንም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስመዝግቡ። ሐይቅ ዳር ከሆነ ደግሞ ቦታው ለግንባታ የተፈቀደ መሆኑን አጣሩ፤ የአባያና የጫሞ ዳርቻ ሁሉ ለቤት የተተወ አይደለም፣ የነጭ ሳር ፓርክም አለበት። ውሃም ዛሬ ባለበት ነገ አይገኝም፣ ሊሸሽም ሊሰፋም ይችላል።

ንጉሠ ነገሥት እንኳ የባሕር ዳር ቤታቸው አልዘለቀላቸውም። የዘለቀው በሕግ የተገዛው፣ ኋላም ለሰው የተረፈው ነው። እኛም ለጫኖ ሰው የምንመኘው እንዲህ ያለውን ቤት ነው። ውሃ ዳር ከሆነማ እሰየው!

ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አጋሩት።