ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፦ በሥልጣን ላይ ሆነው መጻሕፍትን ያሳተሙ ሊቅ

በሰሜን ሸዋ ዞን ከደነባ ከተማ በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ፣ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ ማዶ የመርሐቤቴ ምድር ይገኛል። በአገራችን የኅትመት ታሪክ ስማቸው ከፍ ብሎ የሚነሣው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1870 ዓ.ም. የተወለዱት በዚሁ በመርሐቤቴ፣ ደን በተባለ ሥፍራ ነው።

ኅሩይ ያደጉት መጽሐፍ ማለት ብራና በሆነበት ዘመን ነበር። ቆዳ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ አንዱን መጽሐፍ ለመገልበጥ ወራት ይፈጅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ተከታትለው ወደ እንጦጦ ከመጡ በኋላ በጽሕፈት ሙያ ወደ ቤተ መንግሥቱ አገልግሎት ገቡ። በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላከው በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ከሚመራው የልዑካን ቡድን ጋር ተጉዘው፣ የአውሮፓን ሥልጣኔ በዓይናቸው ለማየት በቁ።

በቀጣዩ ዓመት በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ቁጥር የሚያሳይ ዝርዝር አዘጋጅተው አሳተሙ። ሥራው ለላይ ተመልካች ተራ መዝገብ ይመስላል። ይሁን እንጂ አገሪቱ ምን ምን መጻሕፍት እንዳሏት በአንድ ላይ የሚያሳይ የታተመ ሰነድ ለማበርከት መነሣት፣ በዚያን ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ አልነበረም። ይህንኑ ዝርዝር አስፋፍተው በ1920 ዓ.ም. እንደገና አውጥተውታል። በሁለቱ እትሞች መካከል በነበሩት 16 ዓመታት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራውን ጀምሯል።

የኅትመት ሥራው በራሱ አድካሚ ነበር። 33ቱ ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው ሲቆጠሩ 231 ስለሚሆኑ፣ ዲቃሎቹ ሳይጨመሩ እንኳ ለእያንዳንዱ የእርሳስ ፊደል ማስቀረጽ ግድ ይላል። ፊደል ለቃሚውም አንዱን ገጽ ለማሰናዳት እያንዳንዱን ፊደል በእጁ እየለቀመ መደርደር ነበረበት። ኅሩይ ይህ ሳይበግራቸው ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው፣ ከድርሰቶቻቸው በርካታዎቹን በዚያ አሳትመዋል።

ይህ ሁሉ የተከናወነው ከመንግሥት ሥራ ጎን ለጎን መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ በልዩ ፍርድ ቤት በዳኝነት ተቀምጠዋል፤ እስከ ጣሊያን ወረራም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። የሥራ ጉዟቸው ሳይቀር መጽሐፍ ሆኖ ይመለስ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ተጉዘው ሲመለሱ፣ ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚል ርእስ በዚያው ዓመት ለአንባቢ አቅርበዋል። በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ በተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ፣ ከተዘነጉ ማንም የማያስታውሳቸውን በርካታ ኢትዮጵያውያን ታሪክ በአጭር በአጭሩ መዝግበዋል። በ1925 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ዓለም ከአውሮፓ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከአገሩ ልማድ ጋር የሚገጥመውን ፈተና የሚያሳይ ልብ ወለድ ነው።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቅ ዕጣ የገጠመው ግን የኢትዮጵያ ታሪክ ነበር። ከንግሥተ ሳባ እስከ ዐድዋ ድል ያለውን ዘመን የሚተርከው ይህ መጽሐፍ በ1928 ዓ.ም. በመታተም ላይ እንዳለ፣ የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ኅትመቱ ተቋረጠ። መላ አገሪቱን መጻሕፍቷን እየቆጠሩ የመዘገቡት ሰው የራሳቸውን ዋነኛ ድርሰት ለአንባቢ ሳያደርሱ ቀሩ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው፣ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በሚገኘው ፌርፊልድ ቤት በመስከረም 1931 ዓ.ም. አረፉ። በዚያው ተቀበሩ። አገሪቱ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ዐፅማቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ኅትመቱ የተቋረጠው የታሪክ መጽሐፍም ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ታትሞ ለአንባቢ በቅቷል።