ዕድርተኛው ቤንጃሚን ፍራንክሊን

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የመብረቅ ምርምሩ፣ አለዚያም በመቶ ዶላር ላይ ያለው መልኩ ነው። እኛ ግን የምናወጋችሁ ስለ ዕድርተኝነቱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍራንክሊን በ1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ 17 ልጆች ያፈራ ሰው ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ገባ። ወንድምየው እየመታ ቢያስቸግረው በ1723 ጠፍቶ ፊላዴልፊያ ሄደ። ዘመድ በሌለበት አገር ሠርቶ የራሱን ማተሚያ ቤት አቆመ።

በ1736 ሠላሳ ከሚሆኑ ሰዎች ጋር የእሳት አደጋ ማኅበር መሠረተ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና የዕቃ ማውጫ ከረጢት በቤቱ ያዘጋጃል፤ የአንዱ ቤት ሲቃጠል ሁሉም ይዞ ይሮጣል። በየወሩ ስብሰባ አለ፤ የቀረ ይቀጣል። በቅጣቱም ገንዘብ መሰላልና የውሃ መርጫ ይገዛል። ታዲያ ይኼ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? ሌሎችም እንግባ ሲሉ የራሳችሁን አቋቁሙ እየተባሉ ማኅበሩ በከተማው ተባዛ።

በዚያው ዓመት ግን የ4 ዓመት ልጁ ፍራንሲስ በፈንጣጣ ሞተበት። ልጁ አልተከተበም ነበር። ሕዝቡ ክትባቱ ገደለው ብሎ ሲያወራ፣ ፍራንክሊን ሐዘኑን ይዞ እውነቱን በጋዜጣው አወጣ። ሌላው ወላጅ ፈርቶ ልጁን እንዳያጣ ማለቱ ነው።

ኋላም በ1776 የነጻነቱን አዋጅ፣ በ1778 ከፈረንሳይ ጋር የተደረገውን የወዳጅነት ውል፣ በ1783 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ዕርቅ፣ በ1787 ሕገ መንግሥቱን ፈረመ። አራቱንም የፈረመ ከእሱ በቀር የለም።

ጉድፉንም አንሸፍንም። ፍራንክሊን በቤቱ ባሪያዎች ነበሩት፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። በስተርጅና ግን ባርነትን የሚቃወም ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ በየካቲት 1790 ባርነት ይቅር የሚል አቤቱታ ፈርሞ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀረበ። ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 17 ቀን፣ በ84 ዓመቱ አረፈ። ለቀብሩ 20,000 ያህል ሰው ወጣ።

በኑዛዜውም ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ 1,000 1,000 ፓውንድ ተወ፤ ለወጣት ባለሙያዎች በሁለት ሁለት ዋስ እየተበደረ ለ200 ዓመት እንዲቆይ። ዘመኑ በ1990 ሲያልቅ ገንዘቡ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ወርኀዊ መዋጮና የቅጣት ሳንቲም ምን ይሠራል ለሚለን ወጣት፣ ይህን ታሪክ እናጫውተው።