እውነቱ ያልታመነለት፣ ውሸቱ የታመነለት ስኮትላንዳዊ

ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ አየሁ በማለቱ ውሸታም የተባለ ሰው ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ? ጄምስ ብሩስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኪናርድ በሚባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ቁጣው ቅርብ ነበር። ሕግ መማር ጀምሮ ተወና የወይን ጠጅ ንግድ ውስጥ ገባ። ያገባት ሚስት ዓመት ሳይሞላቸው ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ እግሩ ቤት አልረጋም። አልጀርስ ላይ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ግን ልቡ አንድ ነገር ላይ ተተከለ፦ የዓባይን ምንጭ ማየት።

በ1769 ምጽዋ ደረሰ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ገባ። ዙፋኑ ላይ ወጣቱ አፄ ተክለ ሃይማኖት አሉ፤ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። ከተማዋን ፈንጣጣ ይዟታል። ብሩስ ሐኪም አይደለም፣ ትንሽ ትንሽ ግን ተምሯል። ቁስቋም ላይ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን ልጆች አስታመመ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ አየር ይግባ አለ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ሲድን ሰውየው የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ።

ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም፤ ገና ምንጩ ዳር እያለ ትካዜ ያዘው። ምናልባት የመልሱ መንገድ ታይቶት ይሆናል። እውነትም በስናር በኩል ተመልሶ የኑብያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁ። መሣሪያዎቹንና ማስታወሻዎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ ወደ አስዋን ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ አመጣቸው።

በ1774 ለንደን ሲገባ ጀግና ሊባል ነበር። ታዲያ ሲያወራ ይስቁበት ጀመር። ወታደሮች ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ማለቱማ የለየለት መቀለጃ አደረገው። ስመ ጥሩው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ጭራሽ አቢሲኒያ ሄዷል ወይ ብሎ ተጠራጠረ። እንዴት አያናድድ! ብሩስ ተናዶ ስኮትላንድ ገባ፤ ባለ አምስት ቅጹ የጉዞ መጽሐፉ የወጣው በ1790 ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በውሸት ወሬው የሚታወቀው የባሮን ሙንሃውዘን ተከታይ መጽሐፍ ሲታተም፣ ለብሩስ መታሰቢያ ይሁን ተብሎ ተሾፈበት።

ሊሳቅበት ያልቻለ ነገርም ይዞ ነበር። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ አውሮፓ ውስጥ ከጠፋ ዘመናት አልፈው ነበር፤ ብሩስ 3 የግዕዝ ቅጂዎችን ይዞ ተመለሰ። በ1821 የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም የተሠራው ለኦክስፎርድ ከሰጠው ቅጂ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ተጓዦችም ከነገረው ብዙው ልክ መሆኑን አዩ።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የሚያምሩትን ሥዕሎች የሠራለት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ወጣት ነበር። ብሩስ በመጽሐፉ ይህ ልጅ ከምንጩ ጉዞ በፊት እንደሞተ አስመስሎ ጻፈ፤ ሥዕሎቹንም የራሱ አድርጎ አቀረበ። እውነቱ ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮት ሄዷል፣ የሞተውም ጎንደር ከተመለሱ በኋላ ነው። በእጁ የጻፈው የመንገድ ማስታወሻ እስከ ዛሬ አለ። ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስም በ1618 እዚያው ምንጭ ቆሞ ነበር፤ ብሩስ እሱንም አልደረሰም ብሎ ሊሰርዝ ሞከረ። ጎረምሶቹ የለንደን ቀልደኞች በጥሬ ሥጋው ሲስቁ ስለ ባሉጋኒ የጠየቀ አልነበረም።

በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ በማግስቱም ሞተ። ላርበርት በሚባለው ስፍራ ከሁለተኛ ሚስቱ ጎን ተቀበረ፤ እዚያም ከብረት የተሠራ ረጅም ሐውልት አለ። ባሉጋኒ ጎንደር ቀረ።