የዝዋይ ደሴት መምህር

የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በአንዲት ቀን፥ ያውም በመጨረሻዪቱ ቀን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የቆመላቸው ሐውልትም የሚያሳየው ጳጳሱን እንጂ መምህሩን አይደለም። እርሳቸው ግን በጵጵስና የኖሩት ሰባት ዓመት ሲሆን፥ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት ዘመን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የመምህርነታቸውን ነገር እናስቀድማለን።

የተወለዱት በሰላሌ፥ በፍቼ አካባቢ ነው፤ የቀድሞ ስማቸውም ኃይለ ማርያም ይባል ነበር። ከፊደል እስከ ቅኔ፥ ከቅኔም እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ አገር ለአገር እየዞሩ ተምረው፥ በወሎ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተማሩ። በ1909 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መንኵሰው፥ በ1910 ዓ.ም. በወላይታ የደብረ መንክራት ገዳም መምህር ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ዝዋይ ደሴት ወደ ማርያም ገዳም ተዛወሩ።

ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ሐይቁን የሚያገኘው ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከተማ ነው። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቋ ደብረ ጽዮን ስትሆን ቱሉ ጉዶ ትባላለች። በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው በዚያ እንደ ተጠለሉ አበው በትውፊት ይናገራሉ፤ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትም በዚያ ተጠብቀው ቈይተዋል።

የዚያ ዘመን የመምህሩ ትምህርት ቤት ሕንፃ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ መልሱ አጭር ነው። የቅኔ ጉባኤ ሕንፃ ዛፍ ጥላ ነው፤ የተማሪውም ቤት ራሱ እንጨት ቈርጦ፥ ሣር አጭዶ የሚቀልሳት ጎጆ ናት። መምህሩ ወደ ሌላ ደብር ሲሄድ ጉባኤው ይበተናል፥ ወይም ተከትሎት ይሄዳል፤ ጎጆዎቹም ጥቂት ክረምት ካለፈባቸው ይፈርሳሉ። በሐይቁ ዳር ግን በኋላ ዘመን የካህናት ማሠልጠኛ ቆሟል፤ ለእርሱም እጅግ የደከሙት የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ናቸው። እርሳቸውም በመኪና አደጋ ያረፉት ሐምሌ 22 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው፤ አንባቢ ዕለቱን ልብ ይበል።

የቅኔ መምህር ሥራ ቃልን መመዘን ነው። ተማሪው ቀን ሲያወርድና ሲያወጣ የዋለውን ቅኔ በጉባኤ ሲነግር፥ መምህሩ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ፥ ያለ ቦታው የገባውን ቃል ያርማል። ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ይህ ሥርዓት አይለወጥም። መምህር ኃይለ ማርያምም ዕድሜያቸውን የፈጸሙት በዚሁ ነው።

ከዝዋይ ወደ አዲስ አበባ ከተጠሩ በኋላ፥ ግንቦት 25 ቀን 1921 ዓ.ም. በካይሮ ከግብፁ ፓትርያርክ ከአባ ዮሐንስ 19ኛ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። አብረዋቸው የተሾሙት አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ይስሐቅና አቡነ ሚካኤል ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ 1600 ዓመት ያህል ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስታስመጣ ኖራ፥ በዚያች ቀን ከልጆቿ ጳጳሳት አገኘች።

ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው ከአርበኞች ጋር መከሩ። የራስ ካሣ ልጆች የሚመሩት ጦር በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲገሠግሥ እርሳቸውም አብረው መጡ። ውጊያው ሳይሰምር ቀርቶ በፋሺስቶች እጅ ወደቁ።

ጠላት ከእርሳቸው የፈለገው አንዲት ቃል ነበረች፤ ይኸውም አርበኛውን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለኢጣልያ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነው። የደቀ መዝሙርን ስሕተት እንኳ ሳያርሙ የማያልፉት መምህር ይህን ቃል ከአፋቸው አላወጡም። ይልቁንም ለወራሪው የሚገዛውን አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

የተቀበሩበት ስፍራ አልታወቀም። ሐውልታቸው ለከተማ ባቡር ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ፥ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል።