የዶክተር መላኩ በያን ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ የታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ማንን እንምረጥ ብለን ብዙ አልተቸገርንም። እዚህ አዳማ፣ በተለይ በመጨረሻው ክፍል ያለን ተማሪዎች፣ በእረፍት ሰዓት ስንሰበሰብ ከሁሉ ይልቅ የምናወራው አሜሪካ ሄዶ ስለ መማር ነው። አንዱ ለእንግሊዝኛው ፈተና የሚከፈለውን ገንዘብ ያጠራቅማል፤ ሌላው የአራት ዓመት ውጤቱን ማኅተም ለማስመታት ይመላለሳል፤ ሦስተኛው ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይለምናል። ስለ ራሱ የሚጽፈውን ድርሰት ሌሊቱን ሙሉ እየጻፈ የሚቀድም አለ። ዩኒቨርሲቲው ቢቀበለው እንኳ ወጪውን የሚችል ሰው መኖሩን ማስረዳት፣ አይ ትዌንቲ የሚባለውን ወረቀት መቀበልና አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ ቀርቦ ቪዛ መጠየቅ ይቀረዋል።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥያቄ ይመጣል። ይኸውም ተምሮ ሲጨርስ ምን ሊሠራ እንዳሰበ ነው። ብዙዎቻችን ጠያቂውን ደስ የሚያሰኝ መልስ እንፈልጋለን እንጂ እውነተኛውን መልስ ከልባችን አንመረምርም። ስለዚህ ጥያቄውን በቃል ሳይሆን በሕይወታቸው የመለሱትን የዶክተር መላኩ በያንን ታሪክ ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መላኩ በያን በ1900 በወሎ ተወለዱ። ያደጉት ግን በኋላ ንጉሠ ነገሥት በሆኑት በራስ ተፈሪ መኰንን ቤት ነው። አልጋ ወራሹ ወጣቶች ወደ ውጭ አገር ተልከው ዘመናዊ ትምህርት እንዲማሩ ይተጉ ስለ ነበር፣ መላኩም በ1921 ወደ ሕንድ አገር ተላኩ። በዚያን ጊዜ የጂቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ከሸዋ ወደ ባሕር የሚወርድ ተማሪ ሁሉ በሞጆና በእኛይቱ አዳማ በኩል አልፎ ወደ አዋሽ በረሃ ይወርድ ነበር።

መላኩ ሕንድ ብዙ አልቆዩም። በ1922 ከባልንጀራቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩና ፕሬዚዳንት ሃርዲንግን በዋይት ሐውስ ለማየት በቁ። ከዚያም በኦሃዮ ግዛት በምትገኝ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ወደ መስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። ይህ ኮሌጅ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ወገን ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የዚህች ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን በአገራችን የሕክምና ሥራ ጀምረው ነበር። መላኩ በባዕድ ቋንቋ፣ በባዕድ ብርድ፣ ከዘመድ ርቀው ተምረው በ1928 ተመረቁ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ምርጫ ነው እኛን እጅግ ያስደነቀን። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ በብዙ ስፍራ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፣ በአንድ ገበታ አይቀርብም ነበር። ከአፍሪካ የመጣ መኳንንት ከሌላው ጥቁር ሰው ተለይቶ እንዲከበር የሚሻ ቢሆን መንገድ አያጣም ነበር። መላኩ ግን ሕክምና ለመማር የመረጡት በ1867 የተመሠረተውን፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ጥቁሮች የሆኑትን፣ በዋሽንግተን የሚገኘውን ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲን ነው። በዚያም የአፍሪካን ታሪክ ከሚያስተምሩት ከዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪ ጋር ተወዳጁ። ዶሮቲ ሃድሊ የተባለችውን ጥቁር አሜሪካዊት በ1931 አገቡ። ኢትዮጵያውያን ራሳቸውን ከጥቁር ሕዝብ አይቈጥሩም የሚል ወሬ ይነዛ ነበርና፣ እርሳቸው ይህን ወሬ በኑሯቸው ሐሰት አደረጉት።

በ1935 የሕክምና ዶክተር ሆነው ተመረቁ። በአሜሪካ ተቀምጠው በሰላም ሊሠሩ ይችሉ ነበር። የፋሺስት ጦር በአገራቸው ወሰን ላይ ተከማችቶ ሳለ ግን በዚያው ዓመት ክረምት ሚስታቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን ለኢትዮጵያ አየር ኃይል እንዲያገለግል ያገናኙትም እርሳቸው ናቸው። በጥቅምት ወር ጦርነቱ ሲጀመር ዶክተር መላኩ ወደ ኦጋዴን ግንባር ሄደው ቁስለኞችን አከሙ። አሥራ አራት ዓመት በባዕድ አገር የተማሩት ትምህርት በአሸዋ ላይ በወደቀ ወታደር ቁስል ላይ ዋለ።

አገር በ1936 በጠላት እጅ ስትወድቅ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በመስከረም ወር ደግሞ ለኢትዮጵያ ርዳታ እንዲያሰባስቡ ወደ አሜሪካ ተላኩ። በተማሪነት የኖሩበትን አገር አሁን በመልእክተኛነት ዞሩት። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየሄዱ ስለ ኢትዮጵያ ተናገሩ። በነሐሴ 1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣም አቋቋሙ። ሳንቲም ቈጥሮ የሚያድር ድኻ ጥቁር አሜሪካዊ አይቷት ለማያውቃት አገር ያወጣው መዋጮ በዚህ ማኅበር በኩል ይሰበሰብ ነበር።

ዶክተር መላኩ ድካሙ በረታባቸውና በግንቦት ወር 1940 በ40 ዓመታቸው እዚያው ኒው ዮርክ አረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከአንድ ዓመት በኋላ በግንቦት 1941 ነው። ዶክተሩ የደከሙለትን ነጻነት በዓይናቸው አላዩትም።

ሥራቸው ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ኢትዮጵያን በችግሯ ቀን ለረዱ ጥቁር ሕዝቦች በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ስጦታውም የተሰጠው ዶክተሩ በመሠረቱት ፌዴሬሽን ስም ነው። በ1975ቱ የመሬት አዋጅ አብዛኛው መሬት ቢወሰድም፣ ከጃማይካና ከሌላም ስፍራ የመጡ ቤተሰቦች ዛሬም በዚያ ይኖራሉ። ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አልፎ ሻሸመኔ የሚደርስ ተማሪ፣ የአንድ ተማሪ ሥራ ያፈራውን ፍሬ ያያል ማለት ነው።

እኛ ጓደኞቻችን አሜሪካ እንዳይሄዱ አንልም። መላኩ ባይሄዱ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ወላጆቻችንም ጥሪታቸውን ሸጠው ሊልኩን ሲያስቡ በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ተምረን ምን ልንሠራ እንዳሰብን በተጠየቅን ጊዜ፣ መልሱን ለቪዛው ስንል ብቻ አንስጥ። ዶክተር መላኩ በኦጋዴን አሸዋም በኒው ዮርክ አዳራሽም ሳሉ መልሳቸው አንድ ነበር። እኛም በሄድንበት ሁሉ የምናጸናው አንድ መልስ ይኑረን።