የጎርደን ፓሻ የወረቀት ገንዘብ

እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1833 ዓ.ም. በዉልዊች ተወለደ። በሙያው የጦር መሐንዲስ ሲሆን፣ ስሙ በመጀመሪያ የተሰማው በቻይና ጦርነት ነው። የግብጽ መንግሥት የሱዳን ጠቅላይ ገዥ አድርጎ በሾመው ጊዜ፣ በ1877 ከምጽዋ ተነሥቶ በከረንና በከሰላ፣ ከዚያም በገዳሪፍ በኩል አድርጎ በግመል ካርቱም ገባ። በ1879 የግብጽንና የኢትዮጵያን የወሰን ጠብ ለማብረድ እስከ ደብረ ታቦር መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተነጋገረ፤ ነገሩ ግን አልተሳካም። በገላባት በኩል ሊመለስ ሲል ተይዞ በምጽዋ እንዲወጣ ተደረገ።

ዐምስት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ ማህዲ ሱዳንን ባነሣሣ ጊዜ፣ የግብጽን ጦርና ሹማምንት እንዲያስወጣ ተልኮ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1884 እንደ ገና ካርቱም ደረሰ። አንድ ወር ሳይሞላው ከተማው ተከበበ። የቴሌግራፉ ሽቦ ተቈረጠ፤ ከካይሮም ገንዘብ የሚመጣበት መንገድ ጠፋ። ወታደር ግን ደመወዙን ይጠይቃል፤ ነጋዴም እህሉን በዋጋ እንጂ በውለታ አይሰጥም። ስለዚህ ጎርደን ኤፕሪል 25 ቀን ከ1 ግርሽ እስከ 5000 ግርሽ የሚደርስ፣ ደግሞም የ50 የግብጽ ፓውንድ ወረቀት አወጣ። 100 ግርሽ አንድ ፓውንድ ነበር። ወረቀቱ በዐረብኛ ተጽፎ፣ ገንዘቡ ከስድስት ወር በኋላ ከካርቱም ወይም ከካይሮ ግምጃ ቤት እንደሚከፈል ቃል ይሰጣል። መጀመሪያ እያንዳንዱን በእጁ ይፈርም ነበር፤ ቍጥሩ ሲበዛ ግን ፊርማው በማባዣ ይታተም ጀመር። የመንግሥትን ሒሳብ የያዘ ሰው ይህን ልብ ይለዋል፤ የወረቀቱ ዋስትና ያ ፊርማ ነበርና።

በዚያው ዓመት የገዳሪፍ ጦር ለማህዲ እጁን ሰጠ። የገላባት ጦር ግን በጁን 1884 ዐድዋ ላይ በተፈረመው ውል መሠረት በኢትዮጵያ ርዳታ ወጣ። በዚያ ወሰን ቡናና ከብት የሚሸጠው ነጋዴ የሚያምነው ማርያ ቴሬዛ የተቀረጸችበትን ጠገራ ብር ነበር። ንግሥቲቱ ከሞተች መቶ ዓመት አልፏል፤ ብሩ ግን የማንንም ፊርማ አይጠይቅም፣ ቀጠሮም የለበትም።

የጎርደን ወረቀት ቀጠሮ በኦክቶበር 1884 ደረሰ፤ ከተማው ግን እንደ ተከበበ ነበር። ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱም ተያዘች፤ ጎርደንም ተገደለ። ሊያድኑት የተላኩት መርከቦች በሁለተኛው ቀን ደረሱ። ማህዲ በዚያው ዓመት የወርቅና የብር ገንዘብ አስመታ፤ በተተኪው በኸሊፋ ዐብዱላሂ ዘመንም ብሩ መዳብ እየበዛበት ሄደ። የጎርደን ወረቀቶች ዛሬ በቤተ መዘክርና በገንዘብ ሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ።